ለእንግሊዝኛው «ራን» (run) አንድ መስመር ብቻ የሰጠ የስልክ መዝገበ ቃላት፦ ሁለት ኮከብ

ቨርጂኒያ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነኝ። ይህን የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ስልኬ ላይ የጫንኩት ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው፤ ምድር ቤት ላውንደሪው ውስጥ ኔትወርክ የለም። በዚህ በኩል አልማረርም፤ ፊደሉም ትልቅና ጥርት ያለ ነው። ችግሩ «ራን» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሮጠ» ብሎ ዝም ማለቱ ነው።

አለቃዬ ውኃውን ራን አድርጊው ስትለኝ ክፈቺና ይፍሰስ ማለቷ ነው። ፎጣ ራን አውት ካደረግን አልቆብናል። ልጅ አፍንጫው ራን ካደረገ ንፍጡ ወርዷል፤ ስቶኪንግ ራን ካለው ተተርትሯል። ለምክር ቤት ራን የሚያደርገው ሰውዬም ይወዳደራል እንጂ አይሮጥም (ላብ ቢያጠምቀው እንኳ ከክርክሩ ነው)። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግስ ብቻ ከ600 በላይ ትርጉም ዘርዝሯል። ያን ሁሉ ማን ጠየቀ? አሥሩን ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገራቸው ቢያስገቡልን ይበቃ ነበር።

የራስን ቃል መጻፊያ ቦታ ስላለው የጎደለውን እዚያ እየሞላሁ ነው። የሚከፈልበት ግን ማስታወቂያ ከማጥፋት ሌላ ምንም አይጨምርም፤ ነጻውን ውሰዱ።