በጣና ላይ «የመጨረሻ ሰዓት ቅናሽ» ለምትገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ነዋሪነቴ ባሕር ዳር፣ ዕድገቴም ጣና ዳር ሆኖ ሳለ ገንዘቤንም የእንግዶቼንም ቀን በከንቱ ያስበላሁበትን የጀልባ ጉዞ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ባለፈው ጥር ጥምቀትን አብረውን ለማክበር ከደሴ የመጡት የባለቤቴ እናት፣ እኅቷና የእኅቷ ሁለት ልጆች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት በሐይቁ ደሴቶች ላይ ያሉትን ገዳማት እንዲሳለሙ ፈልጌ ነበር። ሊመለሱ ሲሉ አንድ ማታ የቴሌግራም ገጽ ላይ «ለነገ ጠዋት የቀሩ ጥቂት ቦታዎች፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ለአንድ ሰው 1,200 ብር ሲሆን፣ እንጦስ ኢየሱስንና በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን፣ ምሳንና የመግቢያ ክፍያን እንደሚጨምር ተጽፏል። ለስድስታችን 7,200 ብር በቴሌብር ላክሁ፤ ገንዘቡ የገባው በድርጅት ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም መሆኑን አይቼ ዝም ማለቴ የራሴ ጥፋት ነው።

በቀጠሮው መሠረት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጀልባ መነሻው ደረስን፤ የተነሣነው ግን 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ለካስ «የቀሩ ቦታዎች» የተባሉት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጀልባ ወንበሮች ሳይሆኑ፣ ከእኛ በቀር አንድም ሰው ያልያዘ ጀልባ ወንበሮች ኖረዋል፤ ደላላውም እኛን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እስከ እኩለ ቀን ሰው ሲለቅም ዋለ። በመጨረሻ 14 ሆነን ተሳፈርን። ከመቀመጫው ሥር የወጡት የሕይወት አድን ጃኬቶች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ የሁለቱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሲባጎ የሚታሰር ነበር፤ ለሰባት ዓመቷ ልጅ የተሰጣትም የአዋቂ በመሆኑ ስትቀመጥ አፏ ድረስ ሸፈናት።

ጥቂት እንደሄድን ጀልባ ነጂው የነዳጁን ጀሪካን አንሥቶ ወዘወዘና «ይኼ ደቅ አያደርሰንም፤ የተሰጠኝ ለክብራን የሚበቃ ነው» አለን። በዚያ ቀን እውነቱን የነገረን ሰው እርሱ ብቻ ስለሆነ አልፈርድበትም። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ከስድስታችን አራቱ ሴቶች ናቸው። የባለቤቴ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «እኛ ከዚሁ እንሳለማለን፣ እናንተ ውረዱ» ብለው ከጀልባው ላይ ሆነው አማተቡ፤ እኔ ግን ከኀፍረት የተነሣ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ሴቶች የሚገቡበት እንጦስ ኢየሱስ ከዚያው አጠገብ ስለሆነ ወደዚያ እንድንሻገር ብንጠይቅ፣ ነጂው «የመግቢያው ክፍያ አልተሰጠኝም» አለን። ምሳ የሚባል ነገር አልነበረም። ስንመለስ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ማዕበሉን ስላስነሣው ሁላችንም ረጥበን ወጣን።

እንዲህ ያለው ቅናሽ ለምን እንደሚያታልል ቆይቼ ነው የገባኝ። በውጭ አገር ባሕሮች ላይ የሚሄዱት ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች በመነሻቸው ቀን ሞሉም ጎደሉ ይነሣሉ፤ ባዶ የሄደ ክፍል ተመልሶ አይሸጥም፤ በርካሽ የገባው ተሳፋሪም ለመጠጡና በየወደቡ ለሚያደርገው ጉብኝት መርከቡ ላይ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዋጋ መቀነሳቸው ለእነርሱም ያዋጣቸዋል። የጣና የጉብኝት ጀልባ ግን በአብዛኛው በሙሉ የሚከራይ እንጂ በሰዓቱ የሚነሣ አይደለም፤ ትልቁ ወጪውም ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ደግሞ ስለመሸ አይረክስም። እንግዲህ ዋጋው በግማሽ ከወረደ ከመንገዱ፣ ከጃኬቱ ወይም ከእናንተ ሰዓት ላይ የተቀነሰ ነገር አለ ማለት ነው።

በመሆኑም የአንድ ሰው ዋጋ ሲነገራችሁ የሙሉ ጀልባውን ኪራይ ጠይቁና በተሳፋሪው ቁጥር ራሳችሁ አካፍሉ። ሰው ባይሞላም በተባለው ሰዓት ይነሣ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ደቅ በተለመደው ሞተር ጀልባ ለመሄጃ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ረፋድ ላይ ተነሥቶ ደቅ አድርሼ በጊዜ እመልሳለሁ የሚላችሁን አትመኑ። የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ የሚከፈል ሲሆን በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ባሉት ገዳማት ላይ የአስጎብኚም ይጨመርበታል፤ «ሁሉንም ያጠቃልላል» ከተባላችሁ የገዳማቱን ስም አንድ በአንድ አስቆጥሩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በዋዜማው ማታ ራሳችሁ ወርዳችሁ ጀልባውንና ጃኬቱን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ቀብድ ብቻ ሰጥታችሁ ቀሪውን ስትመለሱ መክፈል ነው። እውነተኛ ርካሽ ጉዞም የሚገኘው እዚያው ነው፤ ጀልባ ከተከራየ ሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብሎ ወጪ መጋራት ይቻላልና።

ደረሰኝ መጠየቅም አትፈሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። እኔ በእጄ የነበረው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውን ፎቶ ሳላነሣው በማግስቱ ከገጹ ጠፋ፤ ሻጩም ስልኬን አያነሣም።

ትናንት ማታ ያው ማስታወቂያ በሌላ ስም ወጥቶ አየሁት፤ አሁን ደግሞ ለፋሲካ ነው። የተለጠፈው ፎቶ አልተቀየረም፤ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት የናርጋ ሥላሴ ሥዕል ነው። ከሥሩ «ስምንት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ይላል።