«ቀጭን፣ ቀላል፣ ኮር አይ 7» እየተባለ የሚሸጥልንን ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በግንባታ፣ በቅየሳ፣ በካርታ ሥራና በዲዛይን ሙያ ለተሰማራችሁ፣ እንዲሁም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተመርቃችሁ የመጀመሪያውን የሥራ ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ሁሉ ይህን ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ። በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ሱቆችና በቴሌግራም ቻናሎች «ለኢንጂነር የሚሆን» እየተባሉ በብዛት የሚቀርቡ ያገለገሉ ቀጫጭን ላፕቶፖች አሉ። ማስታወቂያቸው ተመሳሳይ ነው፤ ኮር አይ 7 (የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም)፣ 8 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ)፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ)፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት። ከእነዚህ ቃላት አንዱም ውሸት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ዕቃው እንደ አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሬቪት ወይም አርክጂአይኤስ ያሉ ከባድ የዲዛይን፣ የሕንፃ ትንተናና የካርታ ፕሮግራሞችን ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ባለሙያ እንደማይሆን ማስታወቂያው አይናገርም፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ከእነዚህ ላፕቶፖች አንዱን ገዝቶ ወደ ቢሮ ይዞት መጣ። ሲያመነታ ያየው ሻጭ «ኢንጂነር፣ ኮር አይ 7 ነው እኮ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ብሎት ነበር። ልጁ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሞዴል በኢታብስ ከፍቶ ትንተናውን ሲያስጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መልካም ነበሩ። ቆይቶ ግን ከኪቦርዱ በላይ፣ ስክሪኑ የሚታጠፍበት አካባቢ ያለው ብረት እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ማውሱም እየዘገየ መንቀሳቀስ ጀመረ። የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ገጽ፣ ታስክ ማናጀርን፣ ከፍተን ስንመለከት መጀመሪያ ላይ ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ የነበረው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ወርዶ ወርዶ 1.3 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ላፕቶፑን ገልብጠን አየነው፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፣ ፋንም የለውም። ዕቃው አልተበላሸም ነበር። የተሠራው ልክ እንደዚያ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ሊጠገን የሚችል ብልሽት ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ መፍትሔ ይገኝ ነበር።

የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ኮር አይ7-7ዋይ75 ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ይህ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ብቻ ያለው ሲሆን በ4.5 ዋት እንዲሠራ የተነደፈ ነው። በቀደመው ትውልድ የዚሁ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ኮር ኤም 5 እና ኮር ኤም 7 እየተባሉ ስለሚጠሩ ገዢው ከሌሎቹ መለየት ይችል ነበር። በሰባተኛው ትውልድ ግን አይ 5 እና አይ 7 የሚለው ስም ተሰጣቸውና ልዩነቱ በሞዴል ቁጥሩ መካከል ባለች አንዲት «ዋይ» ፊደል ውስጥ ተደበቀ። ለንጽጽር ያህል ኮር አይ7-8550ዩ አራት ኮርና 15 ዋት፣ ኮር አይ7-8750ኤች ደግሞ ስድስት ኮርና 45 ዋት ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሦስቱም «ኮር አይ 7» ተብለው ይቀመጣሉ፤ በሥራ ላይ ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ርቀት በቀን የሚያልቅን ሥራ እስከ ሌሊት ከሚዘልቅ ሥራ የሚለይ ነው።

ዋት የሚለው ቁጥር ለብዙ ገዢዎች ትርጉም የሌለው ስለሚመስል ጥቂት ልቆይበት። ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያ ሙቀት በመዳብ ቱቦና በፋን አማካይነት ከሳጥኑ ካልወጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሳጥኑ በቀጠነ ቁጥር ለቱቦው፣ ለፋኑና ለአየሩ መተላለፊያ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ ስለዚህ አምራቹ ወይ ደካማ ፕሮሰሰር ይመርጣል፣ ወይም ጠንካራውን አስገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ኢሜይል ለሚጽፍና ድረ ገጽ ለሚከፍት ሰው ያቺ ጥቂት ደቂቃ ከበቂ በላይ ናት፣ ሥራው በአጭር በአጭሩ የሚመጣ ነውና። የሕንፃ ትንተና፣ የሦስት ገጽታ ምስል ሥራ ወይም ከድሮን የመጡ ፎቶዎችን ወደ ካርታ መለወጥ ግን ለሰዓታት ያለ ፋታ የሚቀጥል ጭነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗም አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር የሳሳ ነው፤ አንድ ዓይነት ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም አስቀድሞ ጠርዝ ላይ ለቆመ ቀጭን ላፕቶፕ የሚጨምርበት ጫና ነው።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ጉዳይ ራም ነው። ሻጮች «8 ጊጋባይት ነው፤ ካነሰህ በኋላ ታስጨምራለህ» ይላሉ። በአብዛኞቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ማዘር ቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ የሚነቀልም የሚጨመርበትም ቦታ የለውም። የአውቶካድ አምራች የሆነው አውቶዴስክ ለቅርብ ዓመታት እትሞቹ ዝቅተኛው 8፣ የሚመከረው ደግሞ 32 ጊጋባይት እንደሆነ ያስቀምጣል፤ ለሬቪት ዝቅተኛው 16 ነው። አርክጂአይኤስ ፕሮም እንዲሁ ከ8 ጀምሮ 32 ጊጋባይትን ይመክራል። በዚህ ላይ የራሱ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስል የሚያስፈልገውን ማኅደረ ትውስታ ከዚያችው ከ8 ጊጋባይቷ ላይ ስለሚወስድ ለፕሮግራሙ የሚቀረው ከተጻፈውም ያነሰ ነው። «ታስጨምራለህ» የተባለ ሰው ይህን የሚያውቀው ጠጋኝ ቤት ሄዶ ክዳኑ ሲከፈት ነው።

ሳይከፈት ማወቅ ግን ይቻላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ስለ ሜሞሪ የሚያሳየውን ገጽ ስትመለከቱ «ፎርም ፋክተር» የሚል መስመር አለ። ከፊቱ «ሶዲም» ካለ ራሙ የሚነቀል ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ በብየዳ የተያያዘ ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩም እንዳታዩ የሚከለክልበት ምንም ምክንያት የለውም።

ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል የሚለውም ቢሆን መመርመር አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ብቁ ናቸው ያላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው፤ 7ዋይ75 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 የምታዩት የብቃት ፍተሻውን በማለፊያ ዘዴ ዘሎ የጫነው ሰው ስላለ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደንበኛን ውል፣ የጨረታ ዋጋና የመሬት ይዞታ መረጃ የሚይዝ ኮምፒውተር የደኅንነት ዝማኔው ዋስትና በሌለው ሁኔታ ላይ መመሥረቱ ለአንድ ባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ መሰኪያዎች ብዙ አልልም። ቶታል ስቴሽን የተባለው የቅየሳ መሣሪያ ያለው ሰው መረጃውን በፍላሽ ወይም በኤስዲ ካርድ እንደሚያወጣ፣ ብዙ የስብሰባ አዳራሾች ፕሮጀክተር አሁንም በቪጂኤ ወይም በኤችዲኤምአይ ገመድ እንደሚሠራ፣ በየቢሮው ያለው ኔትወርክ በኬብል እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች ብቻ ያሉት ላፕቶፕ ለእነዚህ ሁሉ አዳፕተር ይጠይቃል፤ አዳፕተሩም ሳይት ላይ የሚረሳ፣ የሚጠፋና የሚበላሽ ዕቃ ነው። ቻርጅ የሚደረገውም በዚያው ቀዳዳ ስለሆነ በየጊዜው ሲሰካና ሲነቀል ከላላ ብዙ ጊዜ የማዘር ቦርድ ጥገና ያስፈልገዋል። የድሮው ክብ የቻርጀር መሰኪያ በብዙ ሞዴሎች ላይ ለብቻው የሚቀየር ነበር።

የመቅጠን ፉክክሩ ባለሙያውን እንደጎዳ ከአምራቾቹ የራሳቸው ታሪክ መረዳት ይቻላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ከፖስታ ውስጥ አውጥቶ ካሳየ በኋላ ኢንዱስትሪው በሙሉ ወደ ቀጭንነት አዘነበለ፤ ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2011 አልትራቡክ የሚለውን ምድብ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕል ለመቅጠን ሲል ቁልፎቹ በጣም ያጠሩ «በተርፍላይ» የተባለ ኪቦርድ አወጣ፤ ቁልፎቹ እየተጣበቁና እየደገሙ ስላስቸገሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ለመክፈት ተገደደ፣ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮም ወደ ቀድሞው ዓይነት ተመለሰ። ከማክቡክ ፕሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ያነሳቸውን የኤችዲኤምአይና የኤስዲ ካርድ መሰኪያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 መልሶ አስገባ፤ ባለ 16 ኢንቹ ላፕቶፕም ከቀደመው የወፈረና የከበደ ነበር። ዓለም ላይ በቀጭንነት የሚታወቀው አምራች ለባለሙያዎች ሲል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ያ እርምጃ ከመመለሱ በፊት የተሠሩትን ዕቃዎች እኛ ዛሬ በውድ ዋጋ ልንገዛ አይገባም።

ቀጭን ላፕቶፕ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሒሳብ ለሚሠራ፣ ለሚያስተምር፣ ሪፖርት ለሚጽፍና ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው ቀላልነቱና ጸጥታው እውነተኛ ጥቅም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው የአፕል ኤም 1 ፕሮሰሰርም በጥቂት ኃይል ብዙ ሥራ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ሬቪት፣ ኢታብስና አርክጂአይኤስ ፕሮ ለማክ የተዘጋጀ እትም ስለሌላቸው ያ መልካም ዜና የእኛን ሙያ አብዛኛውን ክፍል አይነካም። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ሥራችሁ የረጅም ሰዓት ስሌት ከሆነ ቅጥነት ጉድለት እንጂ ጥራት አይደለም፣ ተጨማሪ ገንዘብም ሊከፈልበት አይገባም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ፣ ቀብድም ከማስያዛችሁ በፊት፣ «አይ 7» የሚለውን ትታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጠይቁ፤ ቁጥሩን በስልካችሁ ኢንቴል ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉት የኮሩን ብዛትና ዋቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን ከባድ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ ሻጮች የሚያሳዩዋችሁ የአምስት ደቂቃ ፍጥነት ሙቀቱ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። ባትሪውንም አትርሱ። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ባትሪ ለስላሳ ከረጢት መሰል ስለሆነ ሲያረጅ ሊያብጥ ይችላል፤ ላፕቶፑን ዘግታችሁ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከተወዛወዘ ወይም ታችፓዱ (በጣት የሚዳሰሰው የማውስ ቦታ) ከቦታው ከፍ ብሎ ለመጫን እምቢ ካለ ግዢውን ተዉት። ምትኩ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተፈልጎ የሚመጣ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ያልተቀመጠ ሥራችሁን ይዞ ይጠፋል።

በተቀራራቢ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ነገር መኖሩንም እወቁ። ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በ«ኤች» ፊደል የሚያልቅ ፕሮሰሰር፣ ሁለት የራም ቦታና የራሳቸው ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ያገለገሉ ወፋፍራም የሥራ ላፕቶፖች በዚሁ ገበያ አሉ። ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናሉ፣ መልካቸውም ዓይን አይስብም። አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ሳይት ለሚመላለስ ሰው ያ አንድ ኪሎ ትርፍ ክብደት ትከሻ ላይ እንደሚሰማ አልክድም፤ ሥራውን ግን ይጨርሳሉ።

ደረሰኝ ስትቀበሉ «ላፕቶፕ ኮር አይ 7» የሚል ጽሑፍ አትቀበሉ፤ ሙሉው የፕሮሰሰር ቁጥር፣ የራሙ መጠንና የሚጨመር መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በጽሑፍ የሰፈረ ዝርዝር ከሌለ «ለኢንጂነር ይሆናል ብሎኛል» የሚለውን ቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ የባልደረባዬም ጉዳይ የቆመው እዚሁ ላይ ነው፣ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው እውነት ነበርና።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ፋይሎቻችሁን ዛሬውኑ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ከባድ ትንተናውን በቢሮው ዴስክቶፕ ላይ አሠሩና ላፕቶፑን ለሪፖርትና ለደብዳቤ አውሉት። ባትሪው አብጦ ካያችሁ ቻርጅ ማድረጉን ወዲያው አቁሙ፤ ለማስተንፈስ ብላችሁ አትውጉት፣ አትጫኑትም፣ ማውጣቱን ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡት።