«የኮሞ ሐር» እየተባለ የሚሸጠው ፖሊስተር፦ በእሳት ፈተናው እንዳትታለሉ

ሰባት ከረባት፣ አንዱ 45 ዩሮ፣ ድምር 315 ዩሮ። ለሙሽራውና ለስድስት ሚዜዎቹ የተገዛ። ዛሬ ጠዋት በመቀስ ሲከፈቱ አንዱም ሐር ሆኖ አልተገኘም፤ ሁሉም ፖሊስተር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ናቸው። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው በዚህ ሰሞን በሐሯ ወደምትታወቀው የጣልያን ከተማ ወደ ኮሞ የምትሄዱ፣ ወይም ከሚላኖ የሰርግ ዕቃ እንዲገዛላችሁ ዘመድ የላካችሁ ቶሎ እንድታነቡት ብዬ ነው።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ደጃፉ ላይ ሻርፕ የተከመረበት ቅርጫት፣ ግድግዳው ላይ የፕሬዚዳንቶችና የፊልም ተዋንያን ፎቶ፣ ዋጋው ላይ በቀይ የተሰረዘ 120 እና ከሥሩ 45። ሻጩ ዋጋ አይጠራም፤ ቅድሚያ የሚጠራው የታላላቅ ሰዎችን ስም ነው። በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፋሽን ቤቱ ጉቺ «ፍሎራ» የተባለውን ባለ አበባ የሐር ሻርፕ ለሞናኮዋ ልዕልት ለግሬስ ኬሊ ብሎ በሠዓሊው በቪቶሪዮ አኮርኔሮ እንዳሠራ ይነግራችኋል። በ1994 የቡድን 7 መሪዎች ኔፕልስ ላይ ሲሰበሰቡ በ1914 ከተከፈተው ከኔፕልሱ ከረባት ሰፊ ከማሪኔላ ቤት ከረባት እንደተበረከተላቸው ይነግራችኋል። ሁለቱም እውነት ነው። አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ የሚተርከው የታላላቆች ታሪክ እውነት እየሆነ በእጁ ከያዘው ከረባት ጋር ግን ምንም አይገናኝም።

ኮሞም ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። የሐር ሙያ ትምህርት ቤቷ ከ1868 ጀምሮ አለ፤ የሐር ኩባንያዎቹ ማንቴሮ በ1902፣ ራቲ በ1945 የተቋቋሙት እዚያው ነው፤ የትልልቅ ፋሽን ቤቶች ጨርቅ ዛሬም እዚያ ይሸመናል፣ ይታተማል። ጥሬ ክሩ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው። የጣልያን የሐር ትል እርባታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወድቆ ዛሬ የቀረው ጥቂት ሙከራ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ከትሉ ጀምሮ የዚህ አገር ነው» ካላችሁ እዚያው ላይ መጠርጠር አለባችሁ። እኔ ሰምቼ አለፍኩት።

ያቺን ቅጽበት ልንገራችሁ። «እሳት አይዋሽም» አለና ላይተር አወጣ። ከረባቱን ገለበጠው። ጀርባው ላይ መሀል ለመሀል የሚወርደው የእጅ ስፌት ሲያልቅ ትንሽ ክር ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ከረባቱ ሲታሰርና ሲፈታ ስፌቱ እንዳይበጠስ በልቅ የሚተዋት ናት። እሷን በጥፍሩ ሳበ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቆረጠ፣ በወረንጦ ይዞ ለኮሳት። ቀስ ብላ እየተኮማተረች ነደደች፤ ላይተሩ ዞር ሲል ጠፋች። የተቃጠለ ጸጉር ሸተተ። አመዷን መዳፌ ላይ አኑሮ በጣቱ ሲነካት ዱቄት ሆነች። እውነተኛ ሐር የሚነደው ልክ እንዲህ ነው። የነደደው ግን የስፌቱ ክር እንጂ ጨርቁ አልነበረም። ስፌቱ በሐር ክር፣ ጨርቁ ፖሊስተር! ለአንድ ከረባት የሚበቃ የሐር መስፊያ ክር ስንት ያወጣል? ሳንቲም ነው። በሳንቲም ክር 315 ዩሮ ወሰዱ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ክሩ ከዚያው ከረባት ሲመዘዝ በዓይኔ ማየቴ ነው። ስላየሁ አመንኩ፣ ስላመንኩ ሌላ አልጠየቅኩም። ድርና ማግን ከመስፊያ ክር መለየት ለማውቅ ሰው ይሄ ይቅር የሚባል ስንፍና አይደለም።

እኩለ ቀን ላይ የተከፈተውን ከረባት ይዤ ስመለስ ሻጩ የለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ደረሰኙን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። «አርቲኮሊ ቫሪ» ይላል፤ ልዩ ልዩ ዕቃ ማለት ነው። «ሴታ» የሚል ቃል፣ ማለትም ሐር፣ የትም የለበትም። ከረባቱ ጀርባ ያለችው ጨርቅም «ዲዜኛቶ አ ኮሞ» ነው የምትለው፤ ኮሞ ተነደፈ እንጂ ኮሞ ተሸመነ አትልም። «መቶ በመቶ ሐር» የተባለው በአፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ «እናንተ አገር ሐር ይታወቃል?» አለችኝ። የሐር ማተብ አንገቱ ላይ የሚያስር፣ ካባውን በሐር የሚያስጠልፍ ሕዝብ መሆናችንን ለማስረዳት እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም፤ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች።

አሁን ወደ ፍተሻው። ከረባት በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ስለሚቆረጥ ድሩም ማጉም አግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው የሚሄደው። ሰፊውን ጫፍ ገልብጡና ከስፌቱ ሥር በጣት ገለጥ አድርጉት፤ የተቆረጠው የጨርቅ ጠርዝ ይታያችኋል። ከዚያ ጠርዝ በመርፌ አንድ ድር ምዘዙ፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ አንድ ማግ። ሁለቱን ለየብቻ ለኩሱ። አንዱን ሐር፣ ሌላውን ፖሊስተር አድርጎ መሸመን ስለሚቻል አንዱ ብቻ በቂ አይደለም። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ በጣት የማይፈረፈር ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ክር) ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ነድዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ሽታውም የወረቀት ነው።

ከእሳት የሚሻለው በረኪና ነው። ከውስጥ ጠርዝ አንድ ሴንቲሜትር ቁራጭ ወስዳችሁ በትንሽ ብርጭቆ በረኪና ውስጥ ጣሉ። ሐር ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ፖሊስተር፣ ቪስኮስና ጥጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ሱፍም ይሟሟል፣ ግን ሱፍን ከሐር ማንም አያሳስትም። ዛሬ ጠዋት የጣልኩት ቁራጭ ይህን ስጽፍም ብርጭቆው ውስጥ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ ተቀምጧል።

«ቀለበት ውስጥ ካለፈ ሐር ነው» የሚባለውን ተዉት፤ ስስ ፖሊስተርም ያልፋል። «ሲነኩት ይቀዘቅዛል» የሚለውም እንደዚያው። አንጸባራቂነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ከሱቁ አምፖል ሥር አውጥታችሁ ወደ መስኮት ውሰዱት። የሐር ክር ቁመቱን ተሻግሮ ቢታይ ሦስት ማዕዘን መሰል ቅርጽ ስላለው ብርሃኑን ይሰብረዋል፤ ጨርቁን ስታዞሩት ቀለሙ ይለዋወጣል። የፖሊስተር ማብለጭለጭ በየትኛውም በኩል ያው ነጭ ነው። በሙቀት የታተመ ፖሊስተር ደግሞ ጀርባው ነጣ ብሎ ይቀራል፤ በደንብ በታተመ የሐር ሻርፕ ላይ ግን ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይታያል።

ሻርፕ ለምትገዙ ሚዛን ይረዳል። የሐር ክብደት የሚለካው በሞሚ ነው፤ 1 ሞሚ በካሬ ሜትር 4.34 ግራም ያህል ነው። 90 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ የትዊል (ሰያፍ መስመር የሚታይበት ሽመና) ሻርፕ ከ14 እስከ 18 ሞሚ ከሆነ ከ50 እስከ 65 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 30 ግራም የሚመዝን «ከባድ ትዊል» ከተሰጣችሁ ውሸት ነው። ጠርዙ በእጅ ከተጠቀለለ ድብልብል ይላል፣ ስፌቱም ትንሽ ወጣ ገባ ይኖረዋል፤ በማሽን የተሠራው ልጥፍ ያለ ነው።

ዋጋው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማሽን የተሰፋ ርካሽ የሐር ከረባት በእርግጥ አለ፤ በጣልያን በእጅ የሚሰፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ይወደዳል። ከ120 ወደ 45 የወረደው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ራዞ» የሚል ቃል ካያችሁ የሽመናው ዓይነት ነው፤ ሳቲን ማለት ነው እንጂ ሐር ማለት አይደለም። «ኤፌቶ ሴታ» ደግሞ ሐር የሚመስል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1007/2011 መሠረት «ሐር» መባል የሚችለው ሐር ከሚሠሩ ነፍሳት የተገኘ ክር ብቻ ነው፤ መጠኑም በመቶኛ መጻፍ አለበት። «ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ የተባለውን ላልሆነ ዕቃ አይሠራም፤ የሁለት ዓመት የሕግ ዋስትና አላችሁ። የሐሰት መለያ ለመጠቆም የጓርዲያ ዲ ፊናንዛ (የጣልያን የፋይናንስ ፖሊስ) ስልክ 117 ነው። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «ክራቫታ 100% ሴታ» (ከረባት፣ መቶ በመቶ ሐር) ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት፤ አልጽፍም ካለ ከረባቱን እዚያው ትታችሁለት ውጡ።