«ከሐይቁ ወደ ወንዙ» በሚለው የጀልባ ጉዞ እንዳትታለሉ

በሐዋሳ የምትኖሩም ሆናችሁ የዕረፍት ቀናችሁን ለማሳለፍ ወደ ከተማችን የምትመጡ ወገኖች፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የአንድ ቀን የፓክራፍት (በአየር የሚነፋ ቀላል ጀልባ) ጉዞ ማስታወቂያ አይታችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ በነፍስ ወከፍ 3,800 ብር ከፍለን፣ በውሃው ላይ የቆየነው ከአርባ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነው።

ማስታወቂያው የሚለው ሐይቁን በጀልባ ካቋረጡ በኋላ በጥቁር ውሃ ወንዝ ቁልቁል እንደሚወርዱ ነው። ይህ ግን ጀልባው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊፈጸም የማይችል ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ በኩል መጥቶ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል እንጂ ከሐይቁ አይወጣም፤ ሐይቁም በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከሐይቁ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚገባ ሰው ሽቅብ መቅዘፍ ይኖርበታል፤ ያውም ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ ጉማሬዎች በሚውሉበት ሣርና ደንገል መካከል። ለዓመታት እዚሁ ከተማ ኖሬ ይህን ሳላስተውል መክፈሌ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ፎቶውም ቢሆን ሊያነቃን ይገባ ነበር። የሚታየው ውሃ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ሰማያዊ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ቀለም በአብዛኛው የሚገኘው የበረዶ ግግር ዐለቱን እየፈጨ የሚያወርደው ደቃቅ ዱቄት በሚገባባቸው ሐይቆች ነው። በአገራችን ግን ዛሬ፣ ራስ ዳሽንን ጨምሮ፣ የበረዶ ግግር ያለበት ተራራ የለም፤ የእኛ ሐይቅ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው።

ፓክራፍት ማለት ተጣጥፎ በጀርባ ቦርሳ የሚያዝ፣ ጥቂት ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ ከጠንካራ የናይለን ጨርቅ የተሠራ በአየር የሚነፋ ጀልባ ነው። ለእኛ የቀረበልን ግን ጎኑ ላይ ለመዋኛ ገንዳ ብቻ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ስስ ፕላስቲክ ነበር። ለሁለታችን የተሰጠን የሕይወት አድን ጃኬት አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም መቆለፊያው የተሰበረ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን የተባለው ጉዞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተጀመረ፤ ብዙም ሳንርቅ ነፋሱ በርትቶ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። በአጠገባችን ያለፉ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ «ልጆቼ፣ በዚህች ፊኛ ነው ጉማሬ ሰፈር የምትሄዱት?» ብለው በገመድ ጎትተው ወደ ዳር ባያደርሱን ኖሮ ምን እንደሚገጥመን አላውቅም። አስጎብኚ ተብሎ የመጣው ወጣት በዚያ ሁሉ ጊዜ ዳር ቆሞ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር።

ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ «ችግሩ የአየር ጠባይ ነው» የሚል መልስ ከሰጡን በኋላ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ክፍያውን የላክነው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሂሳብ በመሆኑ ደረሰኝ የለንም፤ ትልቁ ስህተታችንም ይህ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አቤቱታ ለማቅረብ ግን ማንን እንደምትከሱ ማወቅ ይኖርባችኋል። በመሆኑም የንግድ ፈቃዱን ሳታዩ፣ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ሳትቀበሉ፣ ጀልባውንና ጃኬቱንም በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። የማስታወቂያውን ምስልና የባንክ ማስተላለፊያውን መልእክት ስላስቀመጥን አቤቱታችንን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብተናል። እንደ እኛ የተጎዳችሁ ካላችሁም ማስረጃችሁን ሳታጠፉ እንድታመለክቱ አሳስባለሁ።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ማስታወቂያው በዚያው ሰማያዊ ውሃ ፎቶ እንደገና ወጥቷል፤ ዋጋው ግን 4,500 ብር ሆኗል።