ባሕሩ ሮዝ የሆነበት ፖፓይ፦ የአንድ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ግምገማ

ባለፈው ወር በፖስታ የደረሰኝ ዕቃ፣ ፍላይሸር ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1936 ሠርቶ ፓራማውንት ያከፋፈለው፣ መርከበኛው ፖፓይ ከመርከበኛው ሲንድባድ ጋር የሚጋጠምበት የካርቱን ፊልም ነው፤ ዲስክ ሳይሆን በፕሮጀክተር የሚታይ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም። ከነመላኪያው 140 ዶላር ከፍዬበታለሁ። የሸጡልኝ የግል ሰብሳቢ በማስታወቂያቸው ላይ «ያልተቆረጠ፣ ድምፁ የጠራ፣ ቀለሙ ጥሩ» ብለው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሞላ ጎደል እውነት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ስላለበት ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

ቆርቆሮውን ስከፍት መጀመሪያ ያደረግሁት ማሽተት ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እንደ ድሮው የሲኒማ ቤት ናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል አይደለም፤ የተሠራበት አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ያን ጊዜም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ አጠገቡ ያሉትንም ፊልሞች ይዞ ይሄዳል። ይህኛው የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ እንጂ የኮምጣጤ ሽታ የለውም። ቀጥዬ ርዝመቱን ለካሁ። ድምፅ ያለው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 36 ጫማ ይሄዳል፤ ይህ ካርቱን ደግሞ ከተለመደው የሰባት ደቂቃ ካርቱን በእጥፍ የሚበልጥ፣ 16 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ ወደ 575 ጫማ ሊደርስ ይገባዋል። የእኔው 568 ወጣ፤ በዚህ ዕድሜው ይህ የሚያስመሰግን ነው። የፓራማውንት የተራራ ምልክት መጀመሪያው ላይ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የፖፓይን ካርቱኖች ለቴሌቪዥን የገዛው አሶሺየትድ አርቲስትስ ፕሮዳክሽንስ በቦታው የራሱን ጽሑፍ ይተካ ስለነበር፣ ይህን ጉድለት በሻጩ ላይ አላሳብበውም።

አሁን ወደ ቀለሙ እመጣለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ሳሎን መብራቱን አጥፍቼ ፕሮጀክተሩን ስለቅቀው፣ የመጀመሪያው የባሕር ትዕይንት ግድግዳው ላይ ገና ከማረፉ የስምንት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ባሕሩ ለምን ሮዝ ሆነ?» አለችኝ። ሰማዩም ሮዝ ነበር፣ የመርከቡ ሸራም፣ የፖፓይ ክንዶችም። ካርቱኑ መጀመሪያ የወጣው በቴክኒከለር ነው። በቴክኒከለር የማባዣ ዘዴ ሦስቱ ቀለሞች እንደ ማኅተም አንዱ በሌላው ላይ ስለሚታተሙ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም አይለቁም። የእኔው ኮፒ ግን ኢስትማንከለር በተባለው የኮዳክ የቀለም ፊልም ላይ የተባዛ ነው፤ በድሮው ኢስትማንከለር ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚሰጠው ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋል፣ የሚቀረውም ቀይ ብቻ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ማንም ሳያየው ይጠፋል፤ ስለዚህ «ብዙ ጊዜ ያልታየ ፊልም ነው» የሚለው የሻጮች ቃል ስለ ቀለሙ ምንም አይናገርም።

የፊልሙን ዘር ለማወቅ ፕሮጀክተር አያስፈልግም። በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ «ኢስትማን» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ከጎኑ ኮዳክ የሚያትማቸው ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይነግራሉ፣ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ግን ብቻቸውን አይበቁም። በማስታወቂያው ላይ የነበረው ፎቶ የጥቅልሉን ውጫዊ ገጽታ ብቻ የሚያሳይ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ከመክፈሌ በፊት ሁለት ክንድ ያህል ፊልም ነጭ ብርሃን ላይ ተዘርግቶ ፎቶ ይነሣልኝ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ደብዳቤ ስጽፍላቸው ሻጩ ሳይከራከሩ 50 ዶላር መልሰውልኛል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ታዲያ ፊልሙን ለምን አልመለስሁትም? ሲንድባድ በደሴቱ ላይ እየዘፈነና ስለ ራሱ እያቅራራ የሚሄድበት ትዕይንት ስላለ ነው። ፍላይሸሮች ለዚህ ትዕይንት ከኋላ ያለውን ዋሻና ድንጋይ በሥዕል አልሠሩትም፤ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞዴል ገንብተው፣ የገጸ ባሕርዩን ሥዕል ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ሠርተው ከፊቱ አቁመው፣ ጠረጴዛውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ፍሬም በፍሬም ቀረጹት። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር፤ ፊልሙን በእጄ ይዤ ብርሃን ባለው ጠረጴዛ ላይ በማጉያ መነጽር ስመለከተው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው የፊቱ ድንጋይ በጉልህ ይንሸራተታል፣ የኋላው ግን የተነቃነቀ አይመስልም፤ ከድንጋዩ ሥር የተኛውም ጥላ የቀለም ጥላ አይደለም፣ አንድ ሰው ከ80 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ያበራው መብራት የጣለው ጥላ ነው። የቀለሙ መልቀቅ ይህን ጥልቀት አልነካውም፤ እንዲያውም ሁሉም ወደ አንድ ቀለም በመሰብሰቡ ዐይን ሳይባክን ብርሃንና ጥላውን ብቻ ይከተላል። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ካርቱን በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ያስገባው አለምክንያት አይደለም።

ድምፁ በጠርዙ በብርሃን የተጻፈ ነው፣ ጥሩ ይሰማል። ፊልሙ ሦስት ቦታ ላይ ተቀጥሏል። በዚህ ዓይነት ፊልም ድምፁ ከምስሉ 26 ፍሬም ቀድሞ ስለሚታተም፣ በተቀጠለበት ቦታ መጀመሪያ ምስሉ ይዘላል፣ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ይዘላል፤ የለመደው ሰው አይቸገርበትም።

በ140 ዶላር አልመክረውም፤ በ90 ተገቢ ዋጋ ነው። ካርቱኑን በትክክለኛ ቀለሙ ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ታድሶ የወጣውን የዲቪዲ ስብስብ ቢገዛ ይሻለዋል፣ ባሕሩንም ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል። ፊልም መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ግን ከሁሉ በፊት ጥቁርና ነጭ የሆኑትን የ1930ዎቹን የፖፓይ ካርቱኖች እንዲፈልግ እመክረዋለሁ፤ ምስላቸው በብር የተሠራ በመሆኑ እንዲህ አይለቅም፣ አጫጭርም ስለሆኑ በአንድ ባለ 400 ጫማ ጥቅልል ይጠቃለላሉ። ቀለም ያለውን መግዛት የፈለገም ከርዕሱ በፊት በምን ዓይነት ፊልም ላይ እንደ ተባዛ ይጠይቅ።

ጥቅልሉን ምድር ቤት አላስቀመጥሁትም፣ እርጥበት አለው። መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አየር በሚያስገባ የፕላስቲክ መያዣ አኑሬዋለሁ፤ ውስጡም አሲድ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ የሚለወጠውን መመርመሪያ ወረቀት አብሬ አስገብቻለሁ። ትናንት አውጥቼ አየሁት፤ እስካሁን ሰማያዊ ነው።