ማግሮሊማብ፦ ሐሳቡ የማረከ፣ ውጤቱ ያልደረሰ የካንሰር መድኃኒት

ማግሮሊማብ የደም ካንሰርንና ጠጣር እጢዎችን ለማከም ታስቦ የተሠራ፣ በደም ሥር የሚሰጥ የአንቲቦዲ (አንድን ዒላማ ለይቶ የሚጣበቅ ፕሮቲን) መድኃኒት ነው። ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ ፈስሶበት ሳለ እስካሁን ለየትኛውም የካንሰር ዓይነት ፈቃድ አላገኘም። የሐሳቡ ማራኪነትና የመድኃኒቱ ድክመት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ በመሆናቸው ግን ጉዳዩን ቀረብ ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ህዋሳት ያረጀውንና የተበላሸውን ህዋስ እየዋጡ ያስወግዳሉ። ጤነኛው ህዋስ እንዳይዋጥ ሲዲ 47 የተባለ ፕሮቲን በላዩ ላይ ይይዛል፤ ተመራማሪዎች ይህንን ፕሮቲን «አትብላኝ» የሚል ምልክት ብለው ይጠሩታል። ካንሰር ደግሞ ይኸንኑ ምልክት አብዝቶ በመያዝ ከመዋጥ ያመልጣል። የማግሮሊማብ ሥራ ሲዲ 47ን መሸፈን ነው፤ ምልክቱ ከተሸፈነ ማክሮፌጁ የካንሰሩን ህዋስ ይውጠዋል ተብሎ ይታሰባል።

ተስፋውን ያገነነው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ጥናት ነበር። ከጡት፣ ከእንቁላል እጢ፣ ከአንጀት፣ ከጉበት፣ ከአንጎልና ከሌሎችም የሰው ካንሰሮች ተወስደው በአይጦች ላይ የተተከሉ እጢዎች በፀረ ሲዲ 47 አንቲቦዲ እድገታቸው ተገታ፤ ሕክምናው እጢው ትንሽ ሳለ ሲጀመር እስከ መዳን የደረሱ አይጦችም ታይተዋል። አንድ መድኃኒት ለሁሉም ካንሰር የሚለው ወሬም ከዚያ በኋላ በሰፊው ተናኘ። ነገር ግን በእነዚያ አይጦች ውስጥ የሰው የሆነው እጢው ብቻ ነበር፤ ለሰው ሲዲ 47 የተሠራው አንቲቦዲ ሌላ የሚጣበቅበት ቦታ ስላልነበረው ያለ ብዙ ብክነት ዒላማው ላይ ያርፋል። በሰው ላይ ግን ሲዲ 47 የሌለበት ህዋስ ማግኘት ያስቸግራል። በእኔ ግምት የመድኃኒቱ ታሪክ በሙሉ የተወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ቀይ የደም ህዋሳት ናቸው። እነዚህ ህዋሳት እያረጁ በሄዱ ቁጥር ከመዋጥ የሚጠብቃቸው ምልክቱ በመሆኑ፣ እሱ ሲሸፈን በብዛት ይጠፋሉ። የሙከራው አዘጋጆች ለዚህ ያገኙት መላ፣ መድኃኒቱን በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም በሚሆን አነስተኛ መጠን ጀምሮ ያረጁትን ህዋሳት ቀድሞ ማስወገድና መቅኒው አዳዲሶችን ከተካ በኋላ ወደ ከፍተኛው መጠን ማለፍ ነበር። ዘዴው ብልሃት የተሞላበት ነው፤ ከመድኃኒቱ ራሱ ይበልጥ አድናቆት የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። ቢሆንም ችግሩን አቃለለው እንጂ አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው፣ 62 ሕሙማን በተካፈሉበት የመጀመሪያ የሰው ላይ ሙከራ 57 በመቶዎቹ የደም ማነስ ገጥሟቸዋል፤ ግማሾቹም ራስ ምታት እንደነበራቸው ተመዝግቧል። አንቲቦዲው በቀይ የደም ህዋሳት ላይ ስለሚጣበቅ የደም ዓይነት ምርመራንና ለጋሽን ከተቀባይ ጋር የማመሳከርን ሥራም ያውካል፤ ደም ሊያስፈልገው በሚችል ሕመምተኛ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥቅሙስ? በዚሁ ሙከራ እጢያቸው በከፊል የቀነሰላቸው ሁለት የእንቁላል እጢ ወይም የማሕፀን ቱቦ ካንሰር ሕሙማን ሲሆኑ፣ ውጤቱ የቆየው ለአንደኛዋ 5.2፣ ለሌላዋ 9.2 ወር ነው። ከ62 ሁለት ማለት ነው። መድኃኒቱ «አትብላኝ» የሚለውን ይሸፍናል እንጂ «ብላኝ» የሚል ጠንካራ ጥሪ እንዲያሰማ ስላልተሠራ ብቻውን ሲሰጥ ደካማ መሆኑ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሊምፎማ (በሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ላይ፣ የካንሰሩን ህዋሳት ለይቶ ከሚይዘው ሪቱክሲማብ ከተባለ ሌላ አንቲቦዲ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ከ22 ሕሙማን ግማሾቹ ምላሽ ማሳየታቸውም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ጥሪውን የሚያሰማው አጋሩ ነበርና።

የመድኃኒት አምራቹ ጊሊያድ እ.ኤ.አ. በ2020 የመድኃኒቱን ባለቤት፣ ፎርቲ ሴቨን የተባለውን ኩባንያ በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2023 ማይሎዲስፕላዝያ በተባለው የመቅኒ በሽታ ላይ የነበረው ትልቅ ሙከራ ጥቅም እንደማያሳይ ታውቆ ቆመ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ላይ የነበረው፣ መድኃኒቱ በተሰጣቸው ዘንድ የሞት አደጋ በመጨመሩ ተቋረጠ፤ በዋናነት የተጠቀሱት ምክንያቶች ኢንፌክሽንና የመተንፈሻ አካል መድከም ናቸው። በጠጣር እጢዎችም ቢሆን ለፈቃድ የሚያበቃ ማስረጃ አልቀረበም።

ስለዚህ ማግሮሊማብን ለጠጣር እጢ አልመክርም። ዒላማውን ግን ከነመድኃኒቱ መጣል ስህተት ነው። ኤቮርፓሴፕት የተባለው ሌላ የሙከራ መድኃኒት ሲዲ 47ን እየሸፈነ ማክሮፌጅን የሚጠራው የአንቲቦዲ ክፍሉ ሆን ተብሎ እንዳይሠራ የተደረገ በመሆኑ ቀይ የደም ህዋሳትን በእጅጉ ይራራላቸዋል፤ ጥሪውን እንደ ትራስቱዙማብ ላሉ፣ እጢውን ለይተው ለሚያውቁ አጋሮች ይተወዋል። ሌሎች ደግሞ በአንድ ክንዳቸው እጢውን አጥብቀው፣ በሌላው ሲዲ 47ን ላላ አድርገው የሚይዙ ባለ ሁለት ዒላማ አንቲቦዲዎችን እየሞከሩ ነው። በእንዲህ ያለ ሙከራ እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው አጋር ሆኖ የሚሰጠው መድኃኒት የትኛው እንደሆነና የደም ማነስ ቢከሰት ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የደም ዓይነቱም የመጀመሪያው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ተሟልቶ መመርመሩንና በሕክምና መዝገቡ ላይ መስፈሩን ያረጋግጥ።