«አስር ማለት አስር ነው» ብሎ ካርድ እንለዋወጥ የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

የስፖርት ካርድ የምትሰበስቡ፣ በተለይ ደግሞ ልጆቻችሁ የሚሰበስቡ ወላጆች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የአንዱን ስፖርት ካርድ በሌላ ስፖርት ካርድ እንለዋወጥ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከመስማማታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቁ። እኛ አልጠበቅንም። የእህቴ ልጅ ከምንም አብልጦ የሚወደውን ካርድ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለልደቱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የሌብሮን ጄምስን የ2003 ሩኪ ካርድ፣ ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ ያሳተመውን፣ ገዝቼለት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሩኪ የሚባለው ተጫዋቹ ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት የወጣው ካርድ ነው። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እሱን ነው። የእኛ ካርድ ፒኤስኤ የሚባለው ድርጅት መርምሮ ከአስር ዘጠኝ የሰጠው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ በአንድ የሀበሻ የቴሌግራም ግሩፕ ካርድ የሚሸጥ ሰው አገኘን። ስሙን አልጠቅስም። ቡና ቤት ተቀጣጠርን። ጠረጴዛው ላይ የደረደረው ነገር ዓይን ይሞላል። ሙሉ አስር ያገኙ ስድስት የሆኪ (በረዶ ላይ የሚጫወቱት) እና የቤዝቦል ካርዶች። ፊርማ ያለባቸው ሁለት የአሜሪካ ፉትቦል ካርዶች። ከ1990 ጀምሮ ያልተከፈቱ ሦስት የሆኪ ካርድ ሳጥኖች።

«የእናንተ ዘጠኝ ነው፤ የእኔ አስር ነው። አስር ማለት አስር ነው ወንድሜ» አለኝ።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የጨረታ ዜና ያሳየን ጀመር። የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን የ1986 ካርድ፣ ፍሊር የሚባል ኩባንያ ያሳተመው፣ አስር ያገኘው፣ በ738,000 ዶላር ተሸጧል። የሆኪው ዌይን ግሬትስኪ የ1979 ካርድ ደግሞ፣ እሱም አስር ያገኘው፣ 3.75 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። «ሆኪ ከቅርጫት ኳስ እንደሚበልጥ ራስህ እየው» አለ። ያሳየን ዜና ሁሉ እውነት ነበር። እጁ ላይ ካለው ካርድ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የሌብሮንን ካርድ ሰጠነው፤ 600 ዶላርም ጨመርንለት።

በሳምንቱ ሁሉንም ይዘን ካርድ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ አገላብጦ አየና ለካርዶቹ በጠቅላላው 190 ዶላር ሰጠን። ሳጥኖቹን ቦታ ስለሚይዙበት መውሰድ አልፈለገም። ልጁ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ለሰውዬው ደወልኩለት፤ «ንግድ ነው፣ ተስማምተህ ነው የወሰድከው» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ለወራት ስለዚህ ገበያ አንብቤያለሁ፣ ሰው ጠይቄያለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ይህ አስር የሚባለው ቁጥር። ቁጥሩ የካርዱን ጤንነት ብቻ ነው የሚናገረው። ጥጎቹ አልተላጡም፣ ፊቱ አልተጫረም፣ ህትመቱ መሃል ላይ ነው ማለት ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ብትሄዱ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍና አንድ ኩንታል ማሽላ ሚዛኑ ላይ እኩል 100 ኪሎ ናቸው። ኪሎው እኩል ስለሆነ ጤፉን በማሽላ የሚለውጥ ሰው የለም። ሰውዬው እኛን ያስደረገን ግን ይህንኑ ነው።

ታዲያ ዋጋውን የሚለያየው ምንድነው? ዋናው ነገር ስንት ካርድ ተርፏል፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ በየስፖርቱ የተለያየ ነው።

ቤዝቦል ከሁሉም ያረጀ የካርድ ታሪክ አለው። ገና በ1909 የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ከሲጋራ ፓኮ ጋር ይወጣ ነበር። የሚኪ ማንትል የ1952 ቶፕስ ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያን ጊዜ ካርድ የልጆች መጫወቻ ነበር። ይታጠፋል፣ ብስክሌት ጎማ ላይ ይሰካል፣ እናት ቤት ስታጸዳ ትጥለዋለች። ቶፕስ ራሱ ሳይሸጥ የቀረውን የ1952 ክምችት በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሎታል፤ ያስጣለው የድርጅቱ ሰው ሳይ በርገር ራሱ የተረከው ነው። ንጹህ ሆኖ የተረፈው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ የሰብሳቢ ፍቅርም አለበት።

ግን ቤዝቦል ስለሆነ ብቻ ውድ ነው እንዳትሉ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያለው ዘመን የወጥመዱ ዋና ቦታ ነው። ሰው ካርድ ሀብት መሆኑን ሲሰማ ሁሉም ገዝቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። የቤዝቦሉን የኬን ግሪፊ ጁኒየርን የ1989 ሩኪ፣ አፐር ዴክ የሚባል ኩባንያ ያሳተመውን፣ ተመልከቱ። ታላቅ ተጫዋች ነው፣ ካርዱም በጣም ታዋቂ ነው። ፒኤስኤ አስር የሰጠው ግሪፊ ግን ከ4,000 በላይ አለ። አስር ያገኘው የ1986 ጆርዳን ከ300 ጥቂት ነው የሚበልጠው። ሁለቱም አስር ናቸው፤ በዋጋ ግን አይገናኙም።

የእኛ የሆኪ ሳጥኖችም የዚያው ዘመን ናቸው። ለ1990-91 የውድድር ዘመን አፐር ዴክ፣ ፕሮ ሴትና ስኮር የሚባሉ አሳታሚዎች የሆኪ ገበያ ውስጥ አዲስ ገቡ። ከነባሮቹ ከቶፕስና ከኦ-ፒ-ቺ ጋር ሆነው ገበያውን አጥለቀለቁት። የዚያ ዓመት ሩኪ ያሮሚር ያግር በሆኪ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ካርዱን ግን በትንሽ ብር ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱም የትም አለ። «ያልተከፈተ ሳጥን» ሲባል ልብ ይሞቃል። ውስጡ ያለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የግሬትስኪውስ 3.75 ሚሊዮን? እሱ የአንድ ካርድ ታሪክ ነው። በካናዳው ኦ-ፒ-ቺ የታተመ ነው። ያን ጊዜ ካርዶቹ በሽቦ ይቆረጡ ስለነበር ጠርዛቸው ሻካራ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ አስር ማግኘት ተአምር ነው። ያን ዋጋ ሲያወጣ በፒኤስኤ አስር ያገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከግሬትስኪ ውጭ የሆኪ ገዢ በአብዛኛው ካናዳና ቀዝቃዛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ነው ያለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይዛችሁ ብትዞሩ ጠያቂው ጥቂት ነው።

ቅርጫት ኳስ ሌላ ነው። ከአንድ ቡድን ሜዳ ላይ ያሉት አምስት ብቻ ስለሆኑ አንድ ኮከብ ጨዋታውን ብቻውን ይወስናል፤ ፊቱን ዓለም ያውቀዋል። ቻይናም ፊሊፒንስም ገዢ አለ። የዛሬ ታዳጊም ብዙው የሚፈልገው እሱን ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ንጉሥ ቢሆንም የካርዱ ገንዘብ የሚሄደው በአብዛኛው ኳስ ወደሚያከፋፍለው ተጫዋች፣ ወደ ኳርተርባኩ ነው። የቶም ብሬዲ በ2000 የወጣ ፊርማ ያለበት ሩኪ በ2021 በ3.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኛ የተሰጡን ሁለቱ ፊርማዎች የተከላካይ መስመር ተጫዋቾች ነበሩ። ሜዳ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ካርዳቸውን ግን የሚጠይቅ የለም።

እኛ ሀበሾች በቀላሉ የምንሸወድበት ደግሞ እግር ኳስ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያየው ጨዋታ ካርዱም ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። አውሮፓና ደቡብ አሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው በብዛት ተለጣፊ ነው። የጣሊያኑ ፓኒኒ ከ1961 ጀምሮ ያሳትማል፤ ልጆች አልበም ላይ ይለጥፉታል። የተለጠፈ ነገር ንጹህ ሆኖ አይተርፍም። ትልቁ የካርድ ገንዘብ ያለበት አሜሪካ ደግሞ እግር ኳስ ዘግይቶ ነው የተወደደው። የፔሌ የ1958 የስዊድን ካርድ በ2022 ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ግን የማንትልን አንድ አስረኛ ገደማ ነው። የእኛ ሯጮች ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሩጫ እንደ ቤዝቦል በየዓመቱ የሚወጣ የካርድ ልማድ ስለሌለው፣ የቱንም ያህል ወርቅ ቢያመጡ ገበያው አልተገነባላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውዬው ያሳየን የጆርዳን ዋጋ የጥር 2021 ነው። ያን ጊዜ በኮሮና ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ካርድ እየገዛ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ካርድ ከግማሽ በታች እየተሸጠ ነበር። ሰው ዋጋ ሲያሳያችሁ ቀኑን ተመልከቱ።

ምን ታደርጋላችሁ? ኢቤይ ላይ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጡትን ብቻ እንዲያሳያችሁ ምረጡ። ተጫዋቹ፣ ዓመቱ፣ አሳታሚውና ነጥቡ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ሽያጭ አይበቃም፤ የቅርቦቹን ብዙ እዩ። ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር ፒኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ካርዱ እውነተኛ መሆኑንና ስንት ተመሳሳይ እንዳለ ታያላችሁ። ልውውጥ ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ወገን መጀመሪያ ወደ ዶላር ቀይራችሁ ጻፉት። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር። «ቶሎ ወስኑ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ካላችሁ ተነሡና ሂዱ። እኛንም እንዲሁ ነበር ያለን።

ልጁ አሁን ካርዶቹን ማየት አይፈልግም። ሌላ ሌብሮን ልገዛለት ብር እያጠራቀምኩ ነው። ካርድ ልትገዙ ወይም ልትለውጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ከነቁጥሩ ላኩልኝ፤ የተሸጠበትን ዋጋ አብረን እናያለን።